በትንሽ ጥፋት ከኪራይ ቤት የሚያስወጡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ ስኖር ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር ከማቻከል መጣ። አንድ ፌስታል ልብስና ግማሽ ጆንያ ስንቅ ይዟል። ውሉ ደግሞ «ከተከራዩ ሌላ ሰው አይኖርም» ይላል። ለአከራዬ አልነገርኳቸውም። ልጁን ማታ ማታ በጓሮ በር አስገባዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቧንቧው ጋ ባልዲ ይዞ አገኙት። «ልጁ መኖሩ አይደለም የከፋኝ፤ እኔን መደበቅህ ነው» አሉኝ። ወዲያው ቤቱን ልቀቅ ተባልኩ።

መደበቅ የመጀመሪያው ስህተት ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገባ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር ሲመታ ቀድሞ መናገር ይሻላል። «እትዬ፣ ወንድሜ ለትምህርት መጥቷል፣ የውሃውን እጨምራለሁ» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው፣ ውሉን ሳያነቡ መሟገት ነው። ስትፈርሙ ቅጂ ካልወሰዳችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ተከለከለ የተባላችሁት ነገር ወረቀቱ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ተናዶ ኪራይ መያዝ ነው። «ልቀቅ ካሉኝማ ምን ብዬ እከፍላለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ኪራይ ሲዘገይ ሕጉ አከራይ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። የእንግዳውና የምጣዱ ነገር ያከራክራል፤ ያልተከፈለ ኪራይ ግን ምን ያከራክራል? በቀኑ ክፈሉ። በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ የወሩን ስም ጻፉ። «አልቀበልም» ካሉ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ማስያዝ ይቻላል።

ደንግጦ በሌሊት ዕቃ መጫንም አለ። አከራይ በራሱ ጉልበት ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃችሁን አውጥቶ መጣል አይችልም፤ በግድ የሚያስወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ቁልፍ ከተቀየረባችሁ ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ አለ። በችኮላ «ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አንድ ቀን አሳድሩት፣ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡት።

ሌላው፣ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ የታረቁትን ነገር በቃል መተው ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ ነገር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፤ ደግም ነው። ግን የእናንተን ወዳጅ ሳይሆን አከራዩ የሚያከብሩትን ሰው ፈልጉ። ለእኔ የደረሱልኝ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። መጀመሪያ ይቅርታ አስጠየቁኝ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ከልቤ ጠየቅሁ። ከዚያ ቡና እየተጠጣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጻፈ፦ ወንድምየው እስከ ሰኔ 30 ይቀመጣል፣ ተከራዩ ለውሃ በየወሩ ይጨምራል። እኔም አከራዬም ፈረምን፣ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ።

እንዲህ ዓይነት ወረቀት ስታገኙ ቀኑን መጻፍ አትርሱ። አንዱን ቅጂ ለአከራዩ ስጡ፤ የእናንተንም ፎቶ አንሡት፣ ወረቀት ይጠፋል።