የድሮውን ዲስክ መጀመሪያ ንቀሉት፦ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን የሚሠሩ ስህተቶች

አቦ፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ንቀሉት! ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት። ስንቴ ልበል?

ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። አንዱ ልጅ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዶ አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ይገዛል። የድሮው ዲስክ ላይ ፎቶና ፊልም ስላለው እንደተሰካ ይተወዋል። ዊንዶውስን አዲሱ ላይ ይጭናል። ኮምፒውተሩ ዓይን ሳይጨፈን ይነሳል፤ ልጁ ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ የድሮውን ሊሸጠው ይነቅለዋል። በቃ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ከዚያ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ከሻጩ ጋር ሊጣላ ይወጣል። ሻጩ ምን አጠፋ?

አዳዲስ ማዘርቦርዶች የሚነሱት የድሮውን ባዮስ በተካው በዩኢኤፍአይ ነው። ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፋይል ያለው ኢኤፍአይ የሚባል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ነው፣ ፎርማቱም ፋት 32። መጫኛው ይህን ፓርቲሽን ሌላ ዲስክ ላይ ካገኘው አዲስ ከመፍጠር ይልቅ እዚያው ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውሱ አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ማስነሻው አሮጌው ላይ ይሆናል። ኤስኤስዲው ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤም ዶት ቱ ሆኖ አሮጌው በሳታ ኬብል ቢሰካም ያው ነው።

የእናንተ ማስነሻ የት እንዳለ ለማወቅ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ዲስክ ማኔጅመንት ክፈቱ። ኢኤፍአይ የሚለው ፓርቲሽን ሲ (ዊንዶውሱ የተጫነበት ክፍል) ካለበት ዲስክ ላይ ከሌለ የድሮውን እንዳትነቅሉት። እንደ አዲስ መጫን ግን አያስፈልግም። ከሲ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቀንሳችሁ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ትሠራላችሁ፤ ከዚያ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያ ትጽፋላችሁ። ሥራው ረጅም አይደለም።

ቀጥሎ የሚያናድደኝ ሲኤስኤምን፣ ማለትም ቦርዱ እንደ ድሮው ባዮስ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ፣ ማብራት ነው። ኤምቢአር የድሮው የዲስክ አከፋፈል ነው፣ ጂፒቲ ደግሞ አዲሱ። መጫኛው «ይህ ዲስክ ኤምቢአር ነው፣ የምጭነው ጂፒቲ ላይ ብቻ ነው» ሲል ጀማሪው ባዮስ (የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ሲኤስኤም ወይም ሌጋሲ የሚለውን ይፈልጋል። አንዳንድ አዲስ ቦርድ ላይ ጭራሽ የለም። ቢገኝም ያልታመነ ማስነሻን የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ይጠፋል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚፈልገው ዩኢኤፍአይ ነው። ኤምቢአር ዲስክ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታም አይጠቀምም። መስተካከል ያለበት ዲስኩ ነው። ባዶ ከሆነ መጫኛው ላይ ሺፍትና ኤፍ 10ን ተጫኑ፤ ዲስክፓርት ብላችሁ ግቡ፤ ዲስኩን መርጣችሁ ክሊን፣ ከዚያ ኮንቨርት ጂፒቲ በሉ። ዊንዶውስና ዳታ ካለበት ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ ሳያጠፋ ይቀይርላችኋል። ባክአፕ ያዙ ማለት ያለብኝ አይመስለኝም።

ክሊን ከማለታችሁ በፊት ግን የዲስኩን መጠን እዩ። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ሰርግ የሚቀርጽ አንድ የሐረር ልጅ «ዲስክ 0 አዲሱ መሆን አለበት» ብሎ ገምቶ ክሊን አለው። ሙሽሮቹ ገና ያልተረከቡት ቪዲዮ ነበር ያለበት። ክሊን የሚያጠፋው የፓርቲሽኑን ማውጫ ስለሆነ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁሉንም ማውጣት ይቻል ነበር። እሱ ግን ዊንዶውስ ጫነበት። ከፊሉን አወጣነው፤ ከፊሉ ቀረ።

የመጫኛ ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ስትሠሩ ጂፒቲና ዩኢኤፍአይ ምረጡ።

መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላሳየ ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ ስጡት፤ ወይም ባዮስ ላይ ቪኤምዲን አጥፉ። የሚሠራ ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ላይ ግን ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ አይነሳላችሁም።

ሲን 50 ጊጋ አድርጎ ቀሪውን ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብሎ መቆራረጥ የድሮ ልማድ ነው። ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 64 ጊጋ ነው የሚለው፤ አፕዴትና ፕሮግራም ሲጨመርበት ሲ ይሞላና እኔ ጋ ትመጣላችሁ። 100 ሜጋዋን ፓርቲሽን «ቦታ ታባክናለች» ብላችሁም አትሰርዟት። እባካችሁ!

ኤም ዶት ቱውን የሚሸፍነው ሙቀት አውጪ ብረት ስር የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ ላጧት። በድሬ ሙቀት ቀልድ የለም። ሐረሮች ትንሽ ይሻላችኋል።

መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰዓት ባዮስ አፕዴት አይደረግም፤ ዩፒኤስ ከሌላችሁ ተዉት። ካላችሁም መጀመሪያ ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እዩ። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ አዲስ ዊንዶውስ 11 ላይ ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ከተቀየረ በኋላ 48 ዲጂት ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ አካውንታችሁ ውስጥ አለ፤ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡት። የአካውንቱን ፓስወርድ ረስታችሁ ከመጣችሁ ዳታውን ላወጣላችሁ አልችልም።