«ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን መጫን አይችልም» ላላችሁ

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ላሳድግ ስል መስፈርቱን አያሟላም እያለ ሦስት ቀን አደከመኝ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ ቲፒኤም 2.0ን (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዘውን ቺፕ) አበራሁ፤ ለውጥ የለም። ለሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለው) ብዬ ሲኤስኤምን (በድሮው መንገድ መነሳት የሚያስችለውን) ስዘጋው ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ። (ደንግጬ ነበር፤ መልሼ ስከፍተው ተነሳ።)

ለካ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የአከፋፈል ዘዴ የተከፋፈለ ነው፤ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው) እንዲነሳ ግን አዲሱ ዘዴ፣ ጂፒቲ፣ መሆን አለበት። ፋይሎቼን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቼ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው መቀየሪያ፣ ኤምቢአርቱጂፒቲ (mbr2gpt)፣ መጀመሪያ «ቫሊዴት» (/validate፣ መቀየር ይቻል እንደሆነ ፈትሽ) አልኩት። ወደቀ፦ 4 ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነበረኝ፣ እሱ የሚቀበለው ቢበዛ 3 ነው። ባዶውን አጥፍቼ «ኮንቨርት» (/convert፣ ቀይር) ስለው በደቂቃ አለቀ፤ አንድም ፋይል አልጠፋም። ከዊንዶውስ ሳትወጡ ከሆነ የምትሠሩት «አላውፉልኦኤስ» (/allowFullOS) የሚለውን ትእዛዙ ላይ መጨመር አትርሱ።

ከዚያ ሲኤስኤምን ዘጋሁ፣ ሴኪዩር ቡትን አበራሁ፤ ማሳደጊያው ያለ ምንም ጥያቄ አለፈ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ምስጠራ) የምትጠቀሙ አስቀድማችሁ ለጊዜው አቁሙት።