በአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው የማጥቃት መሪ) ከድራፍቱ (የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካው ዋና ሊግ፣ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተጫዋቾችን በተራ ከሚመርጡበት) በፊት እንዴት ይመዘናል?

ሃይላይት ቪዲዮ (ምርጥ ምርጡ ብቻ የተቆረጠበት) አይታችሁ አትፍረዱ። እዚያ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ፣ በተለይ የተሸነፈበትን።

እኔ መጀመሪያ የማየው ሦስተኛ ሙከራ ላይ (አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው) ገና ብዙ ያርድ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ነው። ያኔ ተጋጣሚው ኳሷ እንደምትወረወር ያውቃል፣ ግዙፎቹ ተከላካዮች ይመጡበታል፣ እሱ ደግሞ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የመጀመሪያው ተቀባይ ከተያዘ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ማየት አለበት። ዓይኑን ተከተሉ። አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያፈጥ ወይም ገና ሳይነኩት የሚሮጥ ከሆነ ኤንኤፍኤል ላይ ይበላል።

ቁጥርም አያታልላችሁ። ከወረወረው 70 በመቶው ተይዞለታል ሲባል፣ ስንቱ አጠገቡ ላለ ሰው የተሰጠ አጭር ኳስ ነው? በተቃራኒው ጆሽ አለን ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ እያለ 56 በመቶ አካባቢ ነበር። ቡፋሎ እ.ኤ.አ. በ2018 በ7ኛ ምርጫ ወሰደው፣ በ2024 የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ሆነ። (እኔ ብሆን አልመርጠውም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።)

ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚደረገውን የኮምባይን ፈተና (ተመራጮቹ ሩጫቸው፣ ዝላያቸውና ውርወራቸው የሚለካበት) ቶሎ እለፉት። ቶም ብሬዲ ሲሮጥ ያየ ሰው ምን ተስፋ ያደርጋል? በ2000 199ኛ ሆኖ ነው የተወሰደው፤ በኋላ ግን ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ጀማርከስ ራስል ግን ኳሷን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ያስወነጭፋት ነበር፤ በ2007 1ኛ ተመረጠ፣ በመረጠው ቡድን በኦክላንድ ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ቆየ።

ስንት ዓመት እንደተጫወተም እዩ። ብሮክ ፐርዲ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫውቶ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ተመራጭ ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮን ሱፐር ቦውል አደረሰ።