ተዳፋት ላይ ያለው ሳጥን እንዴት ይፈታል?

ተማሪዎቼ የተዳፋት ጥያቄ ሲያዩ ወዲያው ቀመር ይፈልጋሉ። እኔ ግን ጠመኔ አንስቼ ሥዕሉን ሳልጨርስ አንድም ቁጥር አልጽፍም።

30 ዲግሪ ባዘነበለ፣ ሰበቃ በሌለው ጣውላ ላይ 10 ኪሎ ግራም ሳጥን አስቀምጡ። በሳጥኑ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ስበት ቀጥታ ወደ ታች፣ የጣውላው ግፊት ደግሞ ለገጹ ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ) ሆኖ። «የሚያንሸራትተው» ብላችሁ ሦስተኛ ቀስት እንዳትጨምሩ! እርሱ የክብደቱ ክፋይ ነው፤ ከጨመራችሁት አንዱን ኃይል ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ደብተራችሁን አዘንብሉት። በእውነት አዘንብሉት፤ የጣውላው መስመር አግድም ሆኖ እስኪታያችሁ ድረስ። አንዱ ዘንግ በተዳፋቱ አቅጣጫ፣ ሌላው ለእርሱ ቀጤ ነክ ይሁን። አሁን መከፈል ያለበት ክብደቱ ብቻ ነው፦ 10 × 9.8 (ስበት የሚሰጠው የፍጥነት ጭማሪ) = 98 ኒውተን። በተዳፋቱ አቅጣጫ 98 × ሳይን 30 = 49 ኒውተን፤ ወደ ጣውላው ደግሞ 98 × ኮሳይን 30፣ ማለትም 84.9 ኒውተን ገደማ። ሳጥኑ ከጣውላው ላይ ስለማይነሳና ወደ ውስጥ ስለማይሰምጥ የጣውላው ግፊትም 84.9 ኒውተን ነው። 98 አይደለም! ፈተና ሳርም ጎበዝ ልጆች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ነጥብ ሲጥሉ ማየት ያሳዝነኛል።

የፍጥነቱ ጭማሪ 49 ÷ 10፣ ማለትም በየሰከንዱ 4.9 ሜትር በሰከንድ ነው። ሳጥኑ 50 ኪሎ ግራም ቢሆንም መልሱ አይለወጥም።

ሳይንና ኮሳይን ከተምታቱባችሁ ማዕዘኑን ዜሮ አድርጉት፦ ዝርግ ጣውላ ላይ ሳጥኑ አይንሸራተትም፤ ሳይን ዜሮም ዜሮ ነው።