የክፍልዎን የግድግዳ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚያወዳድሩ

ከቀለም ማውጫ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አይቶ «ይህ ይሁን» ማለት ቀላል ነው። ክፍሉ ተቀብቶ ሲያልቅ ግን ክሬም ተብሎ የተገዛው ሮዝ፣ ግራጫ የተባለውም ሐምራዊ መስሎ ቁጭ ይላል። ሻጩንም ቀለም ቀቢውንም መውቀስ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። ቀለም ብቻውን ሲታይ ባሕርዩን አይገልጥም። የሚታወቀው ከሌላ ቀለም ጎን ሆኖ፣ በሚቀባበት ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ክፍል ብርሃን ሲታይ ነው። እንዲህ ለማወዳደር ጥቂት ቀናትና የትንሽ ናሙና ቀለም ዋጋ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ብርሃኑን ይወቁ

መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ በመጠኑ ወደ ሰሜን። ስለዚህ በበጋ የደቡብ መስኮት ያለው ክፍል ፀሐይ በቀጥታ ስትገባበት ይውላል። የሰሜን መስኮት ያለው ክፍል በዚያው ወቅት የሚያገኘው የሰማዩን ብርሃን ብቻ ነው፤ ይህም ብርሃን ሰማያዊነት ስላለው ግራጫውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። የምዕራብ መስኮት ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ሁሉን ነገር ወርቃማ ያደርጋል። በክረምት ደመና ሥር የተመረጠ ቀለም ጥቅምት ላይ ሌላ መስሎ ቢታይ አያስገርምም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ብርቱካናማ ከሆነ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ያንኑ ቀለም ወደ እርስዎ ሳሎን ይመልሰዋል። መስኮት ሥር የቆመ ትልቅ ዛፍም ነጩን ግድግዳ አረንጓዴ ያስመስላል። ይህን ለማየት አንድ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈው ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ይመልከቱት። ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ልብ ካሉ፣ ክፍሉ በማንኛውም ቀለም ላይ የሚጨምረውን አወቁ ማለት ነው።

የማታውንም አይርሱ። የኤል ኢ ዲ አምፖል ማሸጊያ ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 2700 ወይም 3000 ከሆነ ብርሃኑ ቢጫ፣ 6500 ከሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። አምፖሉን ለመቀየር ካሰቡ አሁኑኑ ይቀይሩት፤ ቀለም ከተመረጠ በኋላ አምፖል መቀየር ምርጫውን እንደ አዲስ መጀመር ነው።

2. የማይቀየሩትን ነገሮች ይያዙ

የወለሉ ሴራሚክ ወይም ጣውላ፣ ዞኮሎው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ሶፋው፣ መጋረጃው። ግድግዳው የሚስማማው ከእነዚህ ጋር ስለሆነ ምርጫዎን ከእነሱ ተነሥተው ወደ ሦስት ወይም አራት ቀለሞች ያጥብቡ። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ይደክማል።

እዚህ ላይ ጎረቤት ቀለም የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በፓሪስ የታወቀው የጎብላን የሥጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ክሩን ቢመረምር ጉድለት አጣበት። ጥቁሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። ሳሎን ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ደማቅ ሰማያዊ ሶፋ አጠገብ ያለ ክሬም ወደ ብርቱካን ያደላ ይመስላል።

ክሬም ሁሉ አንድ አይደለም። ከአንዱ ሥር ቢጫ ያጮልቃል፣ ከሌላው ሥር ሮዝ፣ ከሦስተኛው አረንጓዴ። ለየብቻ ሲያዩአቸው ሦስቱም «ክሬም» ናቸው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን የእያንዳንዱ ዝንባሌ ወዲያው ይለያል።

3. ሰፊ ናሙና ይሥሩ

ከእያንዳንዱ ቀለም በጣም ትንሹን መጠን ይግዙና ወፍራም ነጭ ካርቶን ወይም ነጭ የተቀባ ቺፕውድ ላይ ይቀቡ። ስፋቱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት እጅ ይቀቡት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይደርቡ። በውሃ የሚቀጠነው የፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ጠቆር ይላል። ስለዚህ በዚያው ቀን አይፍረዱ።

ግድግዳው ላይ በቀጥታ መቀባትን አልመክርም። አሮጌው ቀለም ዙሪያውን ከቦ ዓይንን ያታልላል፤ ናሙናው ደግሞ ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀስም። ናሙናው በመጨረሻ በሚቀባው ዓይነት ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ ከማያብለጨልጨው የተለየ መስሎ ይታያል፤ የስቱኮውንም ጉድፍ ያጋልጣል። ከካርቶኑ ጀርባ የቀለሙን ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ማራኪ ስም ፍርድን ያዛባልና።

4. አቁመው ያወዳድሩ

ካርቶኑን ወለል ላይ አያንጥፉ፤ ግድግዳ ብርሃን የሚቀበለው ቆሞ ነው። በመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ ጎን፣ ከሶፋው ጀርባ፣ እጅግ ጨለማ በሆነው ጥግ ያዟዙሩት። ይበልጥ የሚያዩት ክፍሉን በሚጠቀሙበት ሰዓት መሆን አለበት። የመኝታ ቤት ቀለም በቀትር ቢያምር ትርጉሙ ትንሽ ነው፤ ማታ በአምፖል ብርሃን መፈተን አለበት።

አንድ ፈተና በተለይ እወዳለሁ። አንድ ዓይነት የተቀቡ ሁለት ካርቶኖችን ክፍሉ ጥግ ላይ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ፊት ለፊት ያቁሙ። መጋጠሚያው ላይ ቀለሙ ሲጠልቅ ያያሉ፤ አንዱ የሌላውን ብርሃን ስለሚመልስለት ነው። አራቱም ግድግዳ ሲቀባ የሚሆነው ይህ ነው። ቢጫና ሮዝ የሚያጮልቅባቸው ቀለሞች በዚህ ፈተና ጎልተው ይወጣሉ፤ ጥጉ ላይ ከበዛብዎት በአንድ ደረጃ ወደ ፈዘዝ ያለው ይውረዱ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያነጻጽሩ። ሁለት ሁለቱን አጋጥመው አንዱን ያውጡ፣ አሸናፊውን ከሚቀጥለው ጋር ያጋጥሙ። ባልና ሚስት ቢለያዩ፣ ሁለቱም ቁጥሩን በየግል ወረቀታቸው ጽፈው ቢያስተያዩ ክርክሩ ያጥራል።

5. ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያስቀምሙ

ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 39 ካሬ ሜትር ነው። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ሜትር ቢቀነስ 35 ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 70። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል ብለን ብናሰላ 7 ሊትር ያስፈልጋል፤ ጥቂት መጠባበቂያ ይጨምሩበት። ቀለም ቀቢ በእጁ የቀመመውን መልሶ በትክክል ማግኘት አይቻልም፤ በማሽን የተቀመመውም በተለያየ ቀን ሲሠራ ሊለያይ ይችላል። ጣሳዎቹን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አዋሕደው ይጠቀሙ። የቅመማውን ቁጥርና የገዙበትን ቀን ከተመረጠው ካርቶን ጀርባ ጽፈው ያስቀምጡት፤ ግድግዳው ሲጫር ቀለም ቤት ይዘው የሚሄዱት እሱን ነው።