ከተሳቢው ሁለት ባትሪ አንዱ ብቻ ለምን ይሞታል?

ከጅቡቲ መስመር ተመልሰው አዳማ የሚቆሙ ሹፌሮች የሚያመጡት የባትሪ ቅሬታ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሲፈታ ግን አብዛኛው አንድ ነው። ፊውዝ፣ ቺንጋና የላላ የባትሪ ራስ አይታችሁ እንደመጣችሁ ልቁጠረው።

ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው) ጮኾ ይጠፋል፦ ሞተር አጥፍታችሁ ውሃ ማፍያ ሰክታችሁ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ባለ1000 ዋት ማፍያ ከ24 ቮልት ላይ ከ40 አምፔር በላይ ይስባል። ሻያችሁን በቡታጋዝ አፍሉ።

ሞቆ ይዘጋል፦ አቧራ ፋኑን ደፍኖታል፤ ጥረጉት።

ማታ ማራገቢያ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም፣ ባትሪው ደግሞ ገና አዲስ ነው፦ የኔ እንጀራ ይኼ ነው። ተሳቢ ባለ12 ቮልት ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ 24 የሚሆንበት መኪና ነው። ማራገቢያው፣ ቴፑ፣ የስልክ ቻርጀሩ ግን ባለ12 ነው። ገጣሚው ከሁለቱ መሀል ሽቦ ያወጣና ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ይወስዳል። ይሠራለታል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሸኛችኋል። ዲናሞው ግን 28 ቮልት ገደማ ለሁለቱ በአንድነት ይልካል እንጂ የትኛው እንደተራበ አይጠይቅም። 12 የሚወሰድበት ባትሪ ሳይሞላ ይከርማል፤ ያልተነካው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ይፈላል። የአፋር ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።

ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። ሁለቱም 14 አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ 15.5፣ ሌላው 12.8 ካለ ተገኘ። ድምሩ 28.3 ስለሆነ የጋቢናው ጌጅ ሰላም ነው ይላችኋል!

አንድ ሹፌር የሞተውን ብቻ እየቀየረ ሦስተኛውን አስገብቶ መጣ፤ «ፎርጂድ ሸጡልኝ» ይላል። በመሀሉ ደህናውን ዲናሞ አስቀይረውታል። ያልሞተውን ባትሪ ስከፍተው ፕሌቶቹ ደርቀው አፍጥጠዋል። ሌላ ሹፌር ደግሞ የባትሪው ውሃ ሲጎድል አሲድ ሞልቶበት አገኘሁ። አሲድ አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ። ውሃውን ለማየት ላይተር የሚያበሩ ረዳቶችም አሉ! የሚፈላ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ላይተር የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ፊትን ማስጠጋትም የለም።

የመሀሉን ሽቦ አንሱት። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ የተሳቢ ባትሪ በብዙ ያንሳል። መግቢያው ከሁለቱ ዳር ጫፎች ይታሰር፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። በርካሽ ኮንቨርተር ካርቶን ላይ የተጻፈውን አምፔር ግማሹን ብቻ እመኑ። በናስትሮ የተጠቀለለ መቀጠያ ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ።

ባትሪ የሞተ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፦ አንድ ዓይነት፣ እኩል አምፔር፣ እኩል ዕድሜ። አሮጌና አዲስ ማጋባት ብር ማቃጠል ነው። ካልሞቱ ፈታችሁ በባለ12 ቻርጀር ለየብቻ ሙሏቸው፤ አሳድራችሁ ስትለኩ ሁለቱም 12.6 አካባቢ ከያዙ ይሠራሉ።

ሁለቱ ባትሪዎች እኩል ከወረዱና ሞተር እየሠራም ድምሩ ከ26 ካላለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ዲናሞውን አስፈትሹ።