የኬጂ ክፍል እርሳስና ላጲስ ሳይጠፋ እንዴት ይዘልቃል?

ደሴ ኬጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ልጆቹ ያመጡትን እርሳስ፣ ላጲስና ከለር ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ደባለቅሁት። ይካፈላሉ ብዬ ነበር። በሳምንቱ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «አክስቷ ከአረብ አገር የላከችላት ከለር የት ገባ?» ሲሉኝ አፌ ተያያዘ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዩ። ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ የልጁ፤ ከለር፣ ኮላ፣ መቀስና መቅረጫ የክፍሉ። ይህን ምዝገባ ላይ፣ ወላጅ ሳይገዛ ንገሩት፤ ከገዛ በኋላ «ለጋራ ነው» ማለት ጠብ መጥራት ነው። እንደዚያች አክስት ስጦታ ያለው ወደ ቤቱ ይመለስ።

ቀጥሎ ምልክት። የአራት ዓመት ልጅ ስሙን አያነብም፣ ግን ጀበናና ድመት ይለያል። ለእያንዳንዱ አንድ ሥዕል ስጡትና ደብተሩም ቦርሳውም ላይ ያንኑ ለጥፉ። ክፍል ውስጥ ሦስት መሐመድና ሁለት ሀያት ሲኖር ሥዕሉ ለአስተማሪም ይጠቅማል። እርሳሱን ከላይ ጫፉ በምላጭ ትንሽ ላጡና በእስክሪብቶ ስሙን ጻፉበት፣ እኛም በልጅነታችን የምናደርገው ነው። ሁለቱንም ጫፍ ቀርጸው የሚልኩ ወላጆች አሉ። ዓይን ይወጋል፣ አንዱ ይበቃል በሏቸው። ላጲስ በክር አንገት ላይ ማንጠልጠልም ይቅር፤ ክሩ የሆነ ነገር ከያዘው ያንቃል።

እርሳስ ክፍል ይደር። 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን የጫማ ካርቶን ላይ ድፉት፣ ጉብታውን ሁሉ ብሱና እርሳሶቹን ሰኩ። ባዶ ቀዳዳ ካለ ሳትቆጥሩ ታዩታላችሁ፣ ልጆቹ ሳይወጡም ጠረጴዛ ሥር ትፈልጋላችሁ።

መቅረጫ ልጅ እጅ አይግባ። ለእነሱ መቅረጽ ጨዋታ ስለሆነ አዲስ እርሳስ በሁለት ቀን ጣት አክሎ ያልቃል። እኔ ጠዋት ቀርጬ እጠብቃለሁ፤ መሀል ላይ የተሰበረበት ከመጠባበቂያው ጣሳ ተውሶ ይጽፋል።

ከለር በየጠረጴዛው በወተት ጣሳ ይቀመጥ። ቀይ ጨምሩበት፣ ጠቡ ሁሌ ቀይ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የምታስተምሩ የሰም ከለሩን ከመስኮት አርቁ፣ ፀሐዩ ያቀልጠዋል። ኮላውን በሃይላንድ ክዳን ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ስጡ፤ ጠርሙሱን ከሰጣችኋቸው ግማሹ ፀጉር ላይ ነው። መቀስ ቆጥራችሁ ሰጥታችሁ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። በየሳምንቱ ለጠረጴዛው «የጣሳ አለቃ» ሹሙ፤ አለቃ የሆነ ልጅ ከእናንተ ይብሳል፣ አንድ ከለር ቢጎድል ማንንም አያስወጣም።

እርሳስ መግዛት ያልቻለ ቤት ይኖራል። ከመጠባበቂያው አውጥታችሁ የልጁን ስም ጻፉበት፣ ልጆቹ ሳይመጡ ካርቶኑ ላይ ሰኩት። ጠዋት ሲገቡ የማን እርሳስ ከየት እንደመጣ አይለይም።